ትልቅ አውሮፕላን ጥሎት የሚያልፈው አዙሪት

ማንኛውም አውሮፕላን ሲበር ከኋላው ሁለት የአየር አዙሪቶች ጥሎ ያልፋል። ምንጫቸው ብዙዎች እንደሚገምቱት የሞተሩ ትንፋሽ ሳይሆን ክንፉ ነው። በበረራ ላይ ከክንፉ ሥር ያለው አየር ከላይኛው የበለጠ ግፊት አለው፤ አውሮፕላኑን የሚያነሣውም ይኸው ልዩነት ነው። ክንፉ በሚያልቅበት ጫፍ ግን የታችኛው አየር ጠርዙን ዞሮ ወደ ላይ ያመልጣል፤ እየተጠቀለለም ከኋላ ይቀራል። ጭጋግ ወይም ጭስ ካልገባበት በቀር በዓይን አይታይም።

አዙሪቱ የሚበረታው አውሮፕላኑ ከባድ ሆኖ በዝግታ ሲበር ነው። ረጅም በረራ የሚጀምር ጄት ሲነሣ ሁለቱም ይገጥማሉ፤ ነዳጁ ሙሉ ነው፣ ፍጥነቱም ገና አላደገም። የአፍንጫው ጎማ ከመሬት ከተላቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ አዙሪቶቹ ይፈጠራሉ። ከፍ ባለ ቦታ የተፈጠሩት በደቂቃ ከ90 እስከ 150 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። መሬት አጠገብ የደረሱት ግን ወደ ታች መሄጃ ስለሌላቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይለያያሉ። ኃይለኛ ነፋስ ፈጥኖ ይበትናቸዋል። አታላዩ ለስላሳው ነፋስ ነው፤ ከጎን በቀስታ ሲነፍስ አንደኛው አዙሪት ወደ ውጭ እንዳይሄድ ገፍቶ ማኮብኮቢያው ላይ ያቆመዋል። ቀጣዩ አውሮፕላን የሚንደረደረው እዚያው ላይ ነው።

አነስ ያለ አውሮፕላን አዙሪቱ ውስጥ ሲገባ አንደኛው ክንፉ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ይገፋል። ክንፉ አጭር ከሆነ መላው አካሉ አዙሪቱ ውስጥ ይወድቃል፤ አብራሪው መሪውን እስከ ጫፍ ቢያዞርም መገልበጡን ላይገታው ይችላል። ከፍታ ላይ ሳለ ይህ የደረሰበት አውሮፕላን ሚዛኑን መልሶ ለመያዝ ቦታ አለው፤ ገና የተነሣው ግን ከበታቹ ያለው መሬት ብቻ ነው።

ትልቅነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኅዳር 3 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 2001) የአሜሪካን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ300፣ በረራ ቁጥር 587፣ ከኒውዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ተነሣ። ከፊቱ የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ተነሥቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ደንቡ የሚጠይቀው ርቀት ተጠብቋል። ኤርባሱ አዙሪቱን ሲነካ ረዳት አብራሪው የጭራውን መሪ የሚያንቀሳቅሱትን ፔዳሎች ቀኝና ግራ እያፈራረቀ በኃይል ረገጠ። ቀጥ ብሎ የቆመው የጭራ ክንፍ ጫናውን መሸከም አቅቶት ተገነጠለ። አውሮፕላኑ በከተማው ኩዊንስ ክፍል ወድቆ የተሳፈሩት 260 ሰዎች በሙሉና መሬት ላይ የነበሩ 5 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናው ምክንያት ያልተፈለገውና ከልክ ያለፈው የፔዳል ረገጣ መሆኑን ደመደመ፤ የአየር መንገዱ ሥልጠናና የአውሮፕላኑ የጭራ መሪ አሠራርም አስተዋፅኦ አድርገዋል አለ። ስለዚህ የአብራሪዎች ሥልጠና ከአዙሪቱ መሸሽን ብቻ ሳይሆን ሲነኩት ሳይደነግጡ መምራትንም ማካተት አለበት።

በሁለት አውሮፕላኖች መነሣት መካከል የሚኖረው መለያያ ጊዜ የሚወሰነው በክብደት ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የቆየ አመዳደብ እስከ 7 ቶን የሚመዝነው ቀላል፣ 136 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነው ከባድ፣ በመካከል ያለው መካከለኛ ይባላል፤ ኤርባስ ኤ380 ለብቻው ከሁሉም በላይ ተመድቧል። ከከባድ ኋላ የሚነሣ መካከለኛ ወይም ቀላል አውሮፕላን 2 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ከማኮብኮቢያው መካከል የሚነሣ ከሆነ 3 ደቂቃ። ከኤ380 ኋላ መካከለኛውና ቀላሉ ከማኮብኮቢያው ጅማሬ ሲነሡም 3 ደቂቃ ይቆያሉ። ቦሌም ላይ ከባዱ ድሪምላይነር ወይም ኤ350 ከተነሣ በኋላ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚሄደው መካከለኛው ኪው400 ማኮብኮቢያው ባዶ እያለ ቆሞ የሚጠብቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አብራሪውም የራሱ ድርሻ አለው። ከፊቱ የተነሣው አውሮፕላን ጎማውን ያነሣበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል፤ ከዚያ ነጥብ ቀድሞ ይነሣና ከፊተኛው መንገድ በላይ ይወጣል፤ ተቆጣጣሪው ሲፈቅድለትም ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ይታጠፋል። ጥርጣሬ ካደረበት ተጨማሪ ደቂቃ መጠየቅ ይችላል።