«አንድ ጥያቄ አለኝ»

ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ አዋሽ ሰባት ከተማ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በአዋሽ አርባ አልፎ ወደ ሰመራ ይወርዳል፤ ሌላው ሐረርጌን ይዞ ወደ ቁልቢ ይወጣል። ጋዜጠኛ ጳውሎስ ኞኞ በ1926 ዓ.ም. የተወለደው በዚያው በቁልቢ ነው። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ፤ የቀለም ትምህርቱም ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በ1984 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ግን ጋዜጣ አዘጋጅቷል፣ ልቦለድ ጽፏል፣ የአጤ ቴዎድሮስንና የአጤ ምኒልክን ታሪክ በዳጎሱ መጻሕፍት አዘጋጅቷል። ስሙ ሲነሣ ብዙ መጻፉ ይቀድማል። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ላይ የያዘው «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተሰኘው ዓምድ ነው፤ እዚያ ላይ ወሬው የሚነሣው ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ሳይሆን ከአንባቢው ነበርና።

ወሬ ከተቀባዩ ጥያቄ የመነሣቱ ክብደት በሰመራው መንገድ ላይ ይበልጥ ይታያል። አፋር ምድር ላይ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ገበያው ምን ይመስላል፣ ማን ታመመ፣ የት ግጭት ተነሣ ይባባላሉ። ሰሚው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው፣ ከማን፣ መቼ እያለ ይመረምራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ደግሞ ተአማኒነቱን ያጣል። ዳጉ ሰሚ የሚጠይቅበት፣ ነጋሪ የሚጠየቅበት የዜና ሥርዓት ነው። ጳውሎስ ከዳጉ ቀዳ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ግን ጠያቂውን ያከብራሉ። አዋሽ ሰባት ለምን ሰባት፣ አዋሽ አርባስ ለምን አርባ ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በእንዲህ ዓይነት ዓምድ አያፍርም።

እንዲህ ያለ ድንቃድንቅ ነገር መልቀም የጋዜጠኝነት ቁም ነገር አይደለም የሚል ይኖራል። ትንሽ ጥያቄ ግን ትንሽ ድካም አይጠይቅም፤ መልሱን ለማግኘት መጽሐፍ ማገላበጥና አዋቂ ፈልጎ መጠየቅ ግድ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ጋዜጣው የመንግሥት ነበር፤ በንጉሡም ሆነ በደርግ ዘመን ሳንሱር ስለነበረ ሊጠየቅ ያልቻለው ነገር ሊጠየቅ ከቻለው ይበልጥ ነበር። ይህን አልክድም። ሆኖም ሕዝብ አዋጅ እንዲሰማ ብቻ በሚፈለግበት ጊዜ ተራውን አንባቢ መልስ የሚገባው ሰው አድርጎ መቁጠር ቀላል ነገር አልነበረም።

ጳውሎስ የታሪክ ምሁር አይደለም የሚሉትም እውነት አላቸው፤ በዩኒቨርሲቲ ሥርዓት አልሠለጠነም። ይሁን እንጂ አጤ ምኒልክ የጻፏቸውን ደብዳቤዎች በትዕግሥት እየለቀመ ያጠራቀመው ይኸው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ደብዳቤዎቹ በመጽሐፍ ታትመው ለአንባቢ የደረሱት እሱ ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ሰው ንጉሡ ስለ ግብር፣ ስለ ዕዳና ስለ መሬት ክርክር ምን እንዳሉ በራሳቸው ቃል ሊያነብ ይችላል።