ችፌ፦ የማይጋባ፣ ሰው ግን የሚሸሸው በሽታ



በማስተምርበት ክፍል አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ዴስክ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የክርኑ መታጠፊያና የጉልበቱ ጀርባ ተቆጥቶ፣ ከማከኩ ብዛት ደምቷል። ጓደኞቹ «ይጋባል» ብለው ሸሽተውታል። ቤተሰቡ ከገጠር ወደ ድሬዳዋ የመጣው እናቱ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ ስታገኝ ነው። ከጎረቤት ግማሹ «ዓይን ነው»፣ ግማሹ «ሥራ እየዋለች ንጽሕናውን ስለማትጠብቅለት ነው» ይላታል። እሷም ደንግጣ ልጁን በቀን ሁለቴ በሳሙና ትፈትገው ጀመር። ባሰበት።

ልጁን የያዘው ሐኪሞች አቶፒክ ኤግዚማ የሚሉት የችፌ ዓይነት ነው። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቆሻሻ የሚያመጣውም አይደለም።

መንስኤው ምንድን ነው? ጤነኛ ቆዳ እርጥበትን ወደ ውስጥ ይይዛል፣ አቧራና ጀርምን ወደ ውጭ ይከላከላል። በችፌ የተያዘ ቆዳ ግን እንደ ሳሳ አጥር ነው፤ ይደርቃል፣ ይቆጣል፣ ያሳክካል። ሲታከክ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ወላጁ ወይም ወንድሙ አስም፣ የአፍንጫ አለርጂ ወይም ችፌ ያለበት ልጅ ለበሽታው የተጋለጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያጎድል የዘር ለውጥ ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳዩ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓ የተለመዱትን እነዚያን ለውጦች አላገኘም። ስለዚህ ሌላ የዘር ምክንያትና አካባቢም ድርሻ አላቸው ማለት ነው።

በአንዳንድ አገሮች ከ100 ሕፃናት እስከ 20 የሚደርሱት ይያዛሉ። በእኛ አገር በጅማና በዙሪያዋ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ጥናት ከ100 ሰው 1 ያህሉ ላይ ብቻ ምልክቱን አገኘ፤ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ታይቷል።

ድሬዳዋ ሞቃት ናት፤ ላብና አቧራ ማሳከኩን ይቀሰቅሳሉ። ማንቆርቆሪያችን ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተወው የከተማችን ውሃም ኖራ የበዛበት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናን ቆዳ ላይ ያስቀራል። በእንግሊዝ የተደረጉ ጥናቶችም እንዲህ ያለ ውሃ ባለበት አካባቢ ችፌ በሕፃናት ላይ በርከት እንደሚል አሳይተዋል። በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና በሆነው ፓርክም ሆነ በሌላ ፋብሪካ የምትሠሩ ወጣቶች ሆይ! በልጅነቱ ችፌ የነበረበት ሰው እጁ በውሃ፣ በሳሙናና በኬሚካል ቶሎ ይጎዳልና ጓንት አትርሱ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ለብ ባለ ውሃ ለአጭር ጊዜ ማጠብ፣ ሽታ ያለውን ሳሙና መተው፣ ገላው ሳይደርቅ ቫዝሊን መቀባት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ ጥጥ ልብስ ማልበስ። ሐኪም የሚያዘው የስቴሮይድ ቅባት በልኩ ሲወሰድ ይጠቅማል። ከገበያ እንዲሁ የሚገዛ የቆዳ ማቅያ ግን ቆዳን ያሳሳል። ቁስሉ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ልጁ ካተኮሰው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የዓይንን መኖር አንክድም፤ ቁርአን መቅራትም መልካም ነው። ሰበብ ማድረስን ግን አያስቀርም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለወንድ የተከለከለውን ሐር ለዐብዱረህማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር (ረ.ዐ.) ባሳከካቸው ጊዜ ፈቅደውላቸዋል። ሶሐቦቹን ማሳከክ ስለያዛቸው ማንም አላራቃቸውም፤ ሸሪዓው አገራላቸው እንጂ። ውሃ የሚጎዳው ሕመምተኛም ተየሙም ተፈቅዶለታል፤ ሐኪሙንና ዓሊሙን ይጠይቅ።

ያን ልጅ በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቹ መሐል አስቀመጥኩት፤ እኔም ፊታቸው እጁን ጨበጥኩ። እናቱ የምትፈልገው ወቀሳ ሳይሆን ቫዝሊን የሚያቀብላት ጎረቤት ነው። ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ችፌው ይቀላቸዋል። ተነጥሎ መቀመጥ ግን ከልብ ቶሎ አይጠፋም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ሺፋ፣ ለእኛም እዝነት ይስጠን። አሚን።