ያውቁ ኖሯል? ጭሱ ሄዶ ምልክቱ ሲቀር

• አልኮል በውኃ ስለሚሟሟ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠራል። የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ግን ወዳጅነቱ ከስብ ጋር ነው፤ እዚያ ተሸሽጎ ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፣ ያጨሰው ቢረሳም ስቡ አይረሳም።

• የሽንት ምርመራ በዋናነት የሚፈልገው ቲኤችሲን ራሱን ሳይሆን ጉበት ለውጦ የሚያስወጣውን ቅሪት ነው። ቅሪቱ አንዴ ብቻ ባጨሰ ሰው ላይ እስከ 3 ቀን፣ በየቀኑ በሚያጨስ ላይ 2 ሳምንት ገደማ፣ ለዓመታት አብዝቶ ባጨሰ ላይ ደግሞ ከ30 ቀን በላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ «አጭሷል» ይላል እንጂ «አሁን ሰክሯል» አይልም።

• ምራቅ ቶሎ ይረሳል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን እስከ ሦስት ቀን ነው። ፀጉር ግን ቂመኛ ነው። በወር 1 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ስለሚያድግ፣ ከሥሩ የተቆረጠ 4 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ፀጉር የ3 ወር ታሪክ ይይዛል።

• በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በሚያዘው ምርመራ ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ተመርማሪው ቀድቶ እንዳይቀላቅል ነው። ብልቃጡ ላይ ሙቀት መለኪያ ተለጥፏል፤ በ4 ደቂቃ ውስጥ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ካላሳየ ሽንቱ ይጠረጠራል። ውኃ ጠጥተው ቢመጡም ክሬአቲኒን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንስ ላቦራቶሪው «ቀጥኗል» ብሎ ይመዘግባል።

• ካናቢስ በሱቅ በሚሸጥባቸው የአሜሪካ ግዛቶች የሚኖር የከባድ መኪና ሹፌርም ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሐበሾች ብዙ ናቸውና ነገሩ ይመለከታቸዋል፤ «ሐኪም አዞልኝ ነው»፣ «ከካናቢስ የሚወጣ ሲቢዲ የተባለ ዘይት ነው የተጠቀምኩት» ማለት አያድንም።

• እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሎምፒክ በስኖውቦርድ ወርቅ ያገኘው ካናዳዊ ሮስ ሬባግሊያቲ በሽንቱ በሚሊ ሊትር 17.8 ናኖግራም የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶ ሜዳሊያውን ተነጠቀ። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው! ካናቢስ በወቅቱ በኦሎምፒክ ኮሚቴው የተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አልነበረምና ወርቁ ተመለሰለት። ዕፁ ከዚያ በኋላ ቢከለከልም፣ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 በሽንት ውስጥ የሚታለፈውን ወሰን በሚሊ ሊትር ከ15 ወደ 150 ናኖግራም ከፍ አድርጎታል።

• መርማሪዎች የሚያሳድዱትን ቲኤችሲን እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወጡት ራፋኤል መሹላምና የሥራ ባልደረባቸው እስራኤል ውስጥ ነው። ለምርምሩ የሚሆን 5 ኪሎ ሐሺሽ መሹላም ያገኙት ከፖሊስ ሲሆን፣ ወደ ቤተ ሙከራቸው የወሰዱትም በሕዝብ አውቶቡስ ተሳፍረው ነበር። ሽታው ተሳፋሪዎችን አስገርሟል።

• ለዘመናት የቆየ ማስረጃ ደግሞ እኛው ዘንድ አለ። ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ በጌምድር ውስጥ ላሊበላ በሚባል ዋሻ (ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ አይደሉም) የ14ኛው ክፍለ ዘመን የጋያ ሸክላዎች ተቆፍረው ወጡ። በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኘባቸው። ምራቅ በቀናት፣ ፀጉር በወራት ይረሳል፤ ሸክላው ግን ከ600 ዓመት በኋላም አልካደም።