ፒስታውን አትናቁት፦ ቀወት ላይ ሳይክል ለመንዳት አስፋልቱ ብቻ አይደለም ያለው

ሸዋ ሮቢት ላይ ሳይክል የነዳ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ከተማዋን መሃል ለመሃል የሚያቋርጣት አስፋልት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ዋናው መንገድ ነው። ከኋላችሁ ሲኖትራክ ጥሩንባውን ይለቀዋል። ከፊታችሁ ባጃጅ ድንገት ይቆማል። በጎን ሚኒባስ ሰው ያወርዳል። መሃል ላይ አንድ ልጅ በሰዓት የተከራየውን ሳይክል ይዞ ጥግ ይፈልጋል። ጥግ ግን የለም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላኛው መንገድ ነው። ከአስፋልቱ ወደ ቀበሌ ስለሚገነጠለው፣ ብዙዎቻችን "ኮረኮንች ነው" ብለን ስለምንንቀው ፒስታ።

🔹 ለመሆኑ "ግራቭል" ምንድነው?

ስልካችሁ ላይ ሰዎች በአቧራማ መንገድ ረጅም ርቀት ሲነዱ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች አይታችሁ ይሆናል። ግራቭል ይሉታል፣ ጠጠር ማለት ነው። ሳይክሉ ከእሽቅድድም ሳይክል ሰፋ ያለ ጎማ አለው፣ ከማውንቴን ሳይክል ደግሞ ቀለል ይላል። ሃሳቡ ቀላል ነው፦ መኪና ከሚበዛበት አስፋልት ወጥቶ በጠጠር መንገድ መንዳት።

ነገሩ አሁን ትልቅ ስፖርት ሆኗል። የመጀመሪያው የዓለም ግራቭል ሻምፒዮና በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። ጎረቤታችን ኬንያም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማሳይ ማራ አካባቢ ለብዙ ቀናት የሚቆይ የግራቭል ውድድር ታዘጋጃለች።

ለውድድር ሳይሆን ለሽርሽር የሚነዱም ብዙ ናቸው። በአድሪያቲክ ባህር ዳርቻ ፓሬንዛና የሚባል መንገድ አለ። ከ1902 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የባቡር መስመር ነበር። ባቡሩ ሲቀር ሃዲዱ ተነሳ፣ ዛሬ 123 ኪሎ ሜትሩ ጣሊያንን፣ ስሎቬንያንና ክሮኤሽያን እያገናኘ በአብዛኛው የሳይክልና የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሰዎች መኪና የሌለበት ጠጠር መንገድ ፍለጋ ከሩቅ አገር እየመጡ ይነዱበታል።

እኛ ጋ ግን ጠጠሩ ደጃችን ነው።

🔹 ፒስታው ከየት መጣ?

በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የገጠር ቀበሌዎችን በሙሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ዛሬ በየወረዳው የምናያቸው ብዙዎቹ የጠጠር መንገዶች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። የተሠሩት ለብዙ መኪና አይደለም። ገበሬው ሽንኩርቱንና ማሾውን ወደ ገበያ እንዲያወጣ፣ ወላድ እናት ጤና ጣቢያ እንድትደርስ፣ ተማሪ እንዲመላለስ ነው።

ስለዚህ ፒስታ ላይ "ትራፊክ የለም" ስንል ባዶ ነው ማለታችን አይደለም። ሞተር ትንሽ ነው ማለታችን ነው። ሰው አለ፣ አህያ አለ፣ ግመል አለ፣ ፍየል አለ። መንገዱ የእግረኛ ነው፣ ባለሳይክሉ እንግዳ ነው። ሰው ስትደርሱበት ፍጥነት ቀንሱ፣ ሰላም በሉ፣ ከብት ካለ ቆማችሁ አሳልፉ። ግመልን ከኋላ መጥቶ ማስደንበር ለእናንተም ለባለቤቱም ጥሩ አይሆንም። በገበያ ቀን ጠዋት ደግሞ መንገዱን ለገበያተኛው ተዉለት።

ደግሞ ይሄ አገር ከአስፋልት በፊትም መንገድ ነበረው። በመካከለኛው ዘመን የይፋት ሱልጣኔት የቆመው ከሸዋ ደጋ ወደ ዘይላ ወደብ በሚወርደው የሲራራ ንግድ ላይ ነበር። ባህሩ ሩቅ ቢሆንም በግመል ይደረስ ነበር። የዚያ ዘመን ከተሞች የሆኑት የኖራና የአስበሪ ፍርስራሾች ዛሬም ይፋት ውስጥ አሉ። በዝግታ መሄድ ለዚህ ቆላ አዲስ ነገር አይደለም።

🔹 ወዴት ይነዳል?

ቀወት በሁለት ዓለም መሃል ናት። በምዕራብ የመንዝ ደጋ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። በምሥራቅ መሬቱ እየወረደ ወደ አፋር ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ በአስፋልቱ ቅርብ የሆነችው ደብረ ሲና ግን 2,700 ገደማ ላይ።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፦ ዳገቱን በጠዋት ጨርሱት። ወደ ምሥራቅ ስትነዱ መጀመሪያ ይቀላችኋል፣ ግን መመለሻው ዳገት ነው፣ ያውም ፀሐይ ከወጣ በኋላ። ወደ ምዕራብ ከጀመራችሁ ግን ብርዱ ሳለ ትወጣላችሁ፣ ሲሞቅ ቁልቁል ትመለሳላችሁ። ለጀማሪ 5 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ 5 ኪሎ ሜትር መመለሻ ይበቃል።

መንገዱን ለማግኘት ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ አፕ፣ ለምሳሌ ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ከቤት ሳትወጡ አውርዱ። የሳይክል መንገድ ስትመርጡ ዳገትና ቁልቁለቱንም ያሳያችኋል። ግን አፑ ጎርፍ የበላውን ድልድይ ላያውቀው ይችላል። የመጨረሻውን ቃል የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

🔹 ውድ ሳይክል ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። ከተማ ውስጥ የሚከራየው ተራ ማውንቴን ሳይክል ለፒስታ ከበቂ በላይ ነው። እነዚህን ብቻ አስተካክሉ፦

✔️ ንፋስ፦ ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል አትሙሉት፣ ጠጠር ላይ ያንሸራትታል። ለሰፊ የማውንቴን ጎማ ከ30 እስከ 40 ፒኤስአይ ይበቃል። በጣም ካነሰ ደግሞ ካላማዳሪው በቸርኬው ተቆንጥጦ ይበሳል።

✔️ እሾህ፦ የቆላው ግራር አይምርም። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማጣበቂያና ትንሽ መንፊያ ያዙ። ፒስታ ላይ ጎሚስታ የለም።

✔️ ፍሬን፦ ሁለቱም መሥራት አለባቸው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ ጨምድዳችሁ ከያዛችሁ ትገለበጣላችሁ።

✔️ ውሃ፦ በሰው ቢያንስ 2 ሊትር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ውጡ፣ 3 ሰዓት ላይ ቤት ግቡ።

✔️ ሄልሜት፦ ጠጠር ላይ መውደቅ አለ። ጭንቅላት ግን መለዋወጫ የለውም።

🔹 ሁለት ቀልድ የማያውቁ ነገሮች

አንደኛው ደራሽ ነው። ሮቢና ሌሎቹ የቀወት ወንዞች የሚነሱት ከደጋው ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ መንዝ ላይ ሊዘንብ ይችላል። ደረቅ የመሰለው አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ጭቃና ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል። የወንዝ መሻገሪያ ላይ ቆማችሁ ፎቶ አትነሱ። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ላይኛው በኩል ድምፅ ከሰማችሁ አትሻገሩ፣ ሳይክላችሁ ማዶ ቢቀርም ይቅር። ክረምቱ ሲያልፍ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል።

ሁለተኛው ሰላም ነው። ይሄን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥቷል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ አማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። መኪና የሌለበት መንገድ ሁሉ ደህና መንገድ አይደለም። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ "ዛሬውኑ ውጡ" አይልም። የምትሄዱበትን ቀበሌ ሰው በስልክ ጠይቁ፣ ብቻችሁን አትሂዱ፣ የት እንደምትሄዱ ቤት ተናገሩ፣ ኬላና የታጠቀ ሰው አትቅረጹ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። "ዛሬ ይቅርባችሁ" ከተባላችሁ ክርክር የለም፣ ይቅር። ፒስታው ሌላ ቀንም አለ።

🔹 ታዲያ ለምን እናወራለን?

ምክንያቱም ነገሩ ሽርሽር ብቻ አይደለም። ቤቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 8 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ተማሪ አስቡ። በእግር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። ፒስታ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቀስ ብሎ ቢነዳ 40 ደቂቃ። ደርሶ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት ገደማ ይተርፈዋል። ያ ማለት ለማጥናት ወይም ቤት ለማገዝ ጊዜ አገኘ ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. አገሪቱ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አውጥታለች። አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። ቀወት ላይ ግን አዲስ መስመር ከመጠበቅ በፊት የሚሠራ አለ፦ ያለውን ፒስታ ጎርፍ እንዳይቆርጠው ቦዩን መጥረግ፣ የተበላውን መጠገን። ነገ አስፋልት ሲለብስ ደግሞ ለእግረኛና ለሳይክል ጥግ እንዲተው ከአሁኑ መጠየቅ። አስፋልት ሲመጣ ሲኖትራኩም ይመጣልና።

እስከዚያው ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ሳይክል ሲከራዩ "አስፋልት እንዳትወጡ" ብቻ ብላችሁ አትተዉአቸው። የት መንዳት እንደሚችሉ አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው።