ስማችን በሌላ አገር ዝርዝር ላይ

ታናሽ ወንድሜ ጽቫ ከጨረሰ በኋላ አንድ ዓመት በጥበቃ ሥራ ሠርቶ፣ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ወደ ኒውዮርክ ሊበር ነበር። ከበረራው በፊት በነበረው ማታ የመሳፈሪያ ካርዱን በስልኩ ለማውጣት ቢሞክር እምቢ አለው። «አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ ያነጋግሩ» ይላል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከፔታሕ ቲክቫ ተነስተን ቤን ጉርዮን ደረስን። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራች፣ እንደገና ደወለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅን። እማዬ ወንድሜን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «ልጄ፣ ምን አጥፍተህ ነው?» አለችው።

በመጨረሻ «ስምህ ከሌላ ሰው ስም ጋር ተመሳስሎ ነው» ብለው አሳለፉት። እሱ ሄደ፤ የእማዬ ጥያቄ ግን እኔ ጋ ቀረ። የሕዝብ አስተዳደር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስለሆንኩ ነገሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዝርዝሩ ምንድን ነው?

አሜሪካ አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የከለከለቻቸው ሰዎች ዝርዝር አላት። ከመስከረም 11 ቀን 2001 በፊት በዝርዝሩ ላይ የነበሩት ከ20 ሰው በታች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሺዎች አደገ። መጀመሪያ ላይ ስሞቹን ከተሳፋሪዎች ጋር የሚያስተያዩት አየር መንገዶቹ ራሳቸው ነበሩ። ከ2009 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ሥራውን የአሜሪካ መንግሥት «ሴኪዩር ፍላይት» በሚባል ፕሮግራም ወሰደው። አሁን ማንኛውም አየር መንገድ፣ የእስራኤልም ይሁን የሌላ አገር፣ ወደ አሜሪካ ሲበር የተሳፋሪውን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ፆታ ቀድሞ ይልካል። መልሱ ከዚያ ካልመጣ የመሳፈሪያ ካርድ አይታተምም።

ልብ በሉ፣ ትዑዳት ዘሁት ላይ ያለው ቁጥራችን እዚህ ውስጥ የለም። በእስራኤል ውስጥ አንዱን ሰው ከሌላው የሚለየው ባለ 9 አሃዙ ቁጥር ነው፤ ስም ቢመሳሰል ቁጥሩ ያስታርቃል። በውጭ አገር ዝርዝር ፊት ግን የምንቆመው በስምና በልደት ቀን ብቻ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው ችግር ያለበት።

ስማችን እንዴት ተጻፈ?

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። ሰው በራሱ ስምና በአባቱ ስም ይጠራል። ወላጆቻችን ዓሊያ ሲያደርጉ ግን ቅጹ የቤተሰብ ስም ጠየቀ። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲመጣ፣ ስም ለማጣራት ጊዜ የነበረው ማን ነው? የአንዱ የአባቱ ስም፣ የሌላው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። በተለያየ ጊዜ የመጡ ወንድማማቾች እስከ ዛሬ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይኖራሉ። ልደትም በግምት የተጻፈላቸው ብዙ ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ዓመት ስለሚለይ ስህተቱን አባብሶታል።

ከዚያ ፊደሉ አለ። ስማችን ከግዕዝ ፊደል ወደ ዕብራይስጥ፣ ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ይሻገራል። ዕብራይስጥ አናባቢ አሟልቶ ስለማይጽፍ «ወርቁ» የነበረው «ቫርኮ» ተብሎ ይነበባል። በ«ጸጋዬ» ውስጥ ያለችው «ጸ» በላቲን አንዴ በሁለት ፊደል፣ አንዴ በአንድ ፊደል ትጻፋለች፤ ሁለቱም ፊደል ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። ስም የሚያመሳስል ኮምፒውተር ደግሞ ተቀራራቢ አጻጻፍን ሁሉ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ አለበለዚያ የሚፈለገው ሰው አንድ ፊደል ቀይሮ ያመልጣላ። በዚህ መረብ የሚያዘው ግን ንጹሑም ጭምር ነው።

ስህተቱ ማንን ነካ?

ሰናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ በ2004 ለሰናቱ ሲናገሩ፣ ስማቸው ከሌላ ሰው ቅጽል ስም ጋር ስለተመሳሰለ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በተደጋጋሚ እንደተከለከሉ ገለጹ። ስልክ ደውለው ማስተካከል የሚችሉ ሰው ነበሩ፤ እንዲያም ሆኖ ሳምንታት ፈጀባቸው። የማሌዥያ ዜጋና የስታንፎርድ ተማሪ የነበረችው ራሂና ኢብራሂም ግን በጥር 2005 ሳን ፍራንሲስኮ አውሮፕላን ማረፊያ በካቴና ታሰረች። በ2014 ዳኛው ሲፈርዱ እውነቱ ወጣ፤ አንድ የኤፍ.ቢ.አይ. ሠራተኛ ቅጽ ሲሞላ በስህተት ምልክት አድርጎ ነበር። አንዲት ምልክት ለማረም 9 ዓመት ሄደ።

ወደ እኛ ሠፈር የቀረበው ታሪክ የኤርትራዊው መድሃኔ ተስፋማርያም ነው። ጣሊያንና ብሪታንያ መድሃኔ ይሕደጎ የሚባል ሰው አሻጋሪ እየፈለጉ ነበር። በ2016 ሱዳን መድሃኔ ተስፋማርያምን ካርቱም ላይ ይዛ ለጣሊያን አስረከበች። የፓሌርሞ ፍርድ ቤት ሰውዬው የሚፈለገው አለመሆኑን ያረጋገጠው በሐምሌ 2019 ነው፤ በሌላ ቀለል ያለ ክስ ቢፈረድበትም ቅጣቱን በእስር ስለጨረሰ ተፈታ። በእኛ አገር ሰው መሃል ስንት መድሃኔ እንዳለ አስቡት።

የማን ሰማይ ነው?

በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት በአንደኛው አንቀጹ እያንዳንዱ አገር በግዛቱ ላይ ባለው ሰማይ ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ስለዚህ አሜሪካ «ይህ ሰው በሰማዬ አያልፍም» ማለት ትችላለች። በሚያዝያ 2009 ከፓሪስ ወደ ሜክሲኮ ይበር የነበረ የኤር ፍራንስ አውሮፕላን በአሜሪካ ሰማይ እንዳያልፍ ተከልክሎ በማርቲኒክ በኩል ዞረ። ምክንያቱ በውስጡ የነበረ አንድ ኮሎምቢያዊ ጋዜጠኛ ነው። ሰውዬው ወደ አሜሪካ የሚሄድ እንኳ አልነበረም።

ሰማይን መጠበቅ የአገር መብት ነው፤ ይህን እኔም አልክድም፣ የበረራ ደኅንነትን ከእስራኤል የበለጠ የሚያውቅም የለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ቤን ጉርዮን ላይ የቆመ የእስራኤል ዜጋ «አትሳፈርም» ሲባል ውሳኔው የተሰጠው በሌላ አገር ነው። ታዲያ ለማን አቤት ይላል? የራሳችን መንግሥትም ዜጋ እንዳይወጣ ሊከለክል ይችላል፤ የ1948ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ለአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ይህን ሥልጣን ይሰጣል። ነገር ግን የተከለከለው ሰው ትእዛዙን ያውቃል፣ ወደ ባጋጽም ሄዶ ይከራከራል። በውጭው ዝርዝር ላይ ይህ በር የለም።

የራሷ የአሜሪካ ዜጎች እንኳ በሩን ያገኙት በክርክር ነው። ዮናስ ፍቅሬ ኤርትራ ውስጥ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። ሱዳን ሳለ የኤፍ.ቢ.አይ. ሰዎች ዝርዝሩ ላይ መሆኑን ነግረውት፣ ሰላይ ከሆነላቸው ሊያስወጡት እንደሚችሉ እንደገለጹለት ለፍርድ ቤት አመልክቷል። መንግሥት በ2016 ስሙን ፍቆ «ጉዳዩ አለቀ» አለ። በመጋቢት 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አላለቀም፣ ክርክሩ ይቀጥል አለ። ከ2015 ጀምሮ አሜሪካዊ ዜጋ ዝርዝሩ ላይ መሆን አለመሆኑን ጠይቆ መልስ ማግኘት ይችላል። እኛ የውጭ ዜጎች ግን «አለህ» ወይም «የለህም» አንባልም።

ምን እናድርግ?

ከጥቅምት 2023 ወዲህ እስራኤላውያን ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ መግባት ስለቻልን ብዙዎቻችሁ ትሄዳላችሁ። ምስራድ ሃፕኒም ፓስፖርት ስታወጡ የላቲኑን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ተመልከቱ። ቲኬቱ ላይ ልክ እንደ ፓስፖርቱ ጻፉ፤ የቤት ስም ወይም አቋራጭ አትጠቀሙ። የወላጆቻችሁ የልደት ቀን በተለያየ ሰነድ ላይ ከተለያየ ከጉዞ በፊት አስተካክሉ። ስማችሁ ደጋግሞ የሚያስቆማችሁ ከሆነ «ዲ.ኤች.ኤስ. ትሪፕ» ለሚባለው የአሜሪካ የቅሬታ ክፍል በኢንተርኔት አመልክቱ። የውጭ ዜጋም ይችላል። የሚሰጣችሁን ቁጥር ቲኬት ስትቆርጡ ታስገባላችሁ፤ ኮምፒውተሩም ከተመሳሳያችሁ ይለያችኋል።

ወንድሜ ሲመለስ «የቤተሰብ ስሜን በዕብራይስጥ ልቀይረው እንዴ?» አለኝ። ሕጉ ይፈቅድለታል። እማዬ ሰማችውና «የአያትህን ስም አውሮፕላን ላይ ትተኸው ልትወርድ ነው?» አለችው። እኔም ያነበብኩትን ነገርኳት፤ ልጇ ምንም እንዳላጠፋ፣ የተሳሳተው ዝርዝሩ እንደሆነ። አሁን ማመልከቻውን እኔና እሱ አብረን እየሞላን ነው፤ የአያታችንን ስም ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው አድርገን።