የአንጎል ምትና የመከላከያ ሕዋሳት፦ ስለ አንዳንድ ስያሜዎች

ለአንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚደርሰው ሕመም፣ ስትሮክ፣ በአማርኛ «የአንጎል ምት» እየተባለ ይጻፋል። ጉዳቱ በአንጎል ብቻ ሳይወሰን በደም ውስጥ የሚዘዋወሩትን የመከላከያ ሕዋሳትም ያናጋል። ይህን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከሕክምናው ይልቅ በስያሜዎቹ ይፈተናል።

ምቱ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመናመናሉ። ስለዚህ «ነጭ የደም ሕዋሳት ጨመሩ» ብሎ መጻፍ ሐሰት ባይሆንም ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ለምሳሌ ያህል፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም 6,000 ኒውትሮፊልና 2,000 ሊምፎሳይት የነበረው ሰው ቍጥሩ ወደ 9,000 እና ወደ 1,000 ቢለወጥ፣ ድምሩ ያደገው በሩብ ብቻ ነው፤ ጥምርታው ግን ከ3 ወደ 9 ዘልሏል። ከሕመሙ ጽናት ጋር ተዛምዶ በብዙ ጥናቶች የታየውም ይኸው ጥምርታ ነው።

«ኒውትሮፊል»ን «ገለልተኛ ሕዋስ» ብሎ ለመተርጐም የሚቃጣ አይጠፋም። ስሙ ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሕዋሳትን በቀለም እየነከረ ከለየበት ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ የሚያመለክተውም ሕዋሱ የሚቀበለውን ቀለም እንጂ ጠባዩን አይደለም። ተሕዋስያንን ለመውጋት ቀድሞ የሚደርሰውን፣ ወደ ተጎዳው አንጎልም ገብቶ ጉዳቱን ሊያባብስ የሚችለውን ተዋጊ፣ «ገለልተኛ» ስንለው ዳር ቆሞ ተመልካች እናደርገዋለን። የውጭውን ቃል በፊደላችን መያዙ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው የሊምፎሳይቶቹን መመናመን ተከትሎ የሚመጣው ሁኔታ ስም ነው። የተጎዳው አንጎል በሲምፓተቲክ ነርቮችና በኮርቲሶል አማካይነት መከላከያውን ስለሚገታው በሽተኛው ለሳንባ ምች ይጋለጣል። («ምት» እና «ምች» በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ አራሚ ይጠንቀቅ።) እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን በአይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ ውጤቱን ባሳተመ ጊዜ፣ ፕሮፕራኖሎል የነርቮቹን ትእዛዝ ሲያግድ ባክቴሪያ የሚያመጣው ሕመምና ሞት መቀነሱን አሳይቷል። ይህን ሁኔታ «የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም» ብንለው፣ ሐረጉ በአማርኛ ከኤድስ ጋር ተጣብቆ የኖረ ነውና፣ መግለጫውን የሚያነብ ቤተ ሰብ በሽተኛው ኤችአይቪ የተገኘበት ሊመስለው ይችላል። መግታቱ በአብዛኛው ጊዜያዊ ስለሆነ «ምት ያስከተለው የመከላከያ መቀዝቀዝ» የሚለውን እናቀርባለን።

የሕመሙን ደረጃ ከ0 እስከ 42 በሚደርስ ነጥብ ለሚለካው መስፈርት «ክብደት» ከማለት «ጽናት» ማለት ይመረጣል፤ የበሽተኛው ኪሎ በዚያው ቅጽ ላይ ይሰፍራልና። ጥምርታው ከፍ ማለቱ ሕመሙን ያጸናው እንደ ሆነ ወይም የሕመሙ መጽናት ጥምርታውን ከፍ ያደረገው እንደ ሆነ የሕዋሳት ቆጠራ ብቻውን አይለይም፤ ስለዚህ «ይዛመዳል» የሚለው ግስ በ«ያስከትላል» አይተካም።