ቅያሪ የሌለበት ግጥሚያ፤ የሂኤይ ተራራ መነኮሳት የ1 ሺ ቀን ጉዞ

አንድ ብርቱ አማካይ በ90 ደቂቃ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያካልላል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማሳጅ አለ፣ በረዶ አለ፣ እረፍት አለ። እግሩን ካመመው ደግሞ እጁን ወደ ቤንች ያነሳል፤ ቅያሪ ይገባለታል። ጃፓን ውስጥ ግን በቀን 84 ኪሎ ሜትር፣ ያውም ለ100 ቀናት የተጓዙ መነኮሳት አሉ። አበበ ቢቂላ በ1964 ቶኪዮ ላይ ያሸነፈበትን ማራቶን በየቀኑ ሁለት ጊዜ እንደመድገም ማለት ነው። ቅያሪ የለም፤ የፊርማ ገንዘብም የለም።

ቦታው ከቀድሞዋ መዲና ከኪዮቶ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው የሂኤይ ተራራ ነው። ከፍታው 848 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ተራራ ተብሎ ላይጠራ ይችላል። ነገሩ ያለው ግን ከፍታው ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ ነው። በተራራው ላይ መነኩሴው ሳይቾ በ788 የመሠረተው ኤንርያኩጂ የተባለ የቡድሃ እምነት ገዳም አለ። የጦር አበጋዙ ኦዳ ኖቡናጋ በ1571 ገዳሙን በእሳት ቢያወድመውም እንደገና ተሠርቶ በ1994 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዛሬ ጎብኚው ከፈለገ ከሳካሞቶ ከተማ በገመድ በሚሳብ ባቡር ተቀምጦ ሽቅብ ይወጣል። ‹‹አይ፣ በእግሬ ነው የምሄደው›› ያለ ደግሞ በጥድ ጫካው መሐል ቀጥ ያለውን አቀበት ይያያዘዋል። መነኮሳቱ ምርጫ የላቸውም፤ የእነሱ በእግር ብቻ ነው።

ሥርዓቱ ‹‹ካይሆግዮ›› ይባላል። የጀመረው ሶኦ የተባለ የ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴ እንደሆነ ይነገራል። ጉዞው 1 ሺ ቀናት ሲሆን በ7 ዓመት ተከፋፍሏል። በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት በየዓመቱ ለ100 ቀናት በቀን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይኬዳል። በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ቀኑ ወደ 200 ያድጋል። በ6ኛው ዓመት ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ይሆንና በ7ኛው 84 ላይ ይደርሳል። የመጨረሻዎቹ 100 ቀናት ወደ 30 ይመለሳሉ። ሲደመር መሬትን አንድ ጊዜ ለመዞር ጥቂት የሚቀረው ርቀት ነው!

ምዕራባውያን ‹‹የማራቶን መነኮሳት›› ቢሏቸውም እንደ ማራቶን ሯጭ አይሮጡም፤ በፍጥነት ነው የሚራመዱት። ጉዞው የሚጀመረው ገና ሌሊት ነው። ጫማቸው ከገለባ የተጎነጎነ ሰንደል ነው፤ ዝናብ ሲመታው ቶሎ ይበጣጠሳል። መንገድ ላይ ከ200 በሚበልጡ ቦታዎች እየቆሙ ይጸልያሉ፤ ስለዚህ ሰዓት ለማሻሻል የሚደረግ ሩጫ አይደለም።

ከሁሉም የሚከብደው ደንቡ ነው። የመጀመሪያዎቹን 100 ቀናት ጨርሶ መመለስ ይቻላል፤ ብዙዎቹም እዚያ ላይ ያበቃሉ። ከ101ኛው ቀን ጀምሮ ግን ማቋረጥ ብሎ ነገር የለም። መነኩሴው በወገቡ ገመድና ጩቤ ይዞ ይሄዳል፤ ‹‹ካልጨረስኩ ነፍሴን እሰጣለሁ›› የሚል የጥንት ቃል ምልክት ነው። ልብሱ ነጭ ነው፤ በጃፓን ነጭ ደግሞ የአስከሬን መግነዣ ቀለም ነው።

700ኛው ቀን ሲጠናቀቅ ሌላ ፈተና ይመጣል። ለ9 ቀናት ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ እንቅልፍ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ በጸሎት ይቆያል። በየሌሊቱ ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ለመሥዋዕት ያቀርባል፤ እሱ ግን አይጠጣውም። ፆምን ጠንቅቆ ለሚያውቀው ለእኛ አገር አንባቢ እንኳን ይሄ ጉድ ያሰኛል። እስከዚህ ድረስ የተጓዘው ለራሱ ነው ይባላል። ከዚህ በኋላ ለሌላው ነው። 84 ኪሎ ሜትሩም ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ስለሚያልፍ ሰዉ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ይጠብቀዋል፤ እሱም በመቁጠሪያው ራሳቸውን እየነካ ይባርካል።

ከ1571ዱ ቃጠሎ ወዲህ ጉዞውን የፈጸሙት ሃምሳ ገደማ ብቻ ናቸው። በ2017 የፈጸመው ኮገን ካማሆሪ ከቅርብ ጊዜዎቹ አንዱ ነው።

ዩሳይ ሳካይ ግን የተለየ ነው። በ1926 የተወለደው ሳካይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሥራም በትዳርም ሳይቀናው ቀርቶ፣ 40 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው ወደ ተራራው የወጣው። በኳሱ ዓለም በዚህ ዕድሜ ጫማ ይሰቀላል። እሱ በ1980 1 ሺውን ቀን ጨረሰ። ዋንጫ ያነሳ ሰው በማግስቱ ምን ያደርጋል? ሳካይ ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ብሎ እንደገና ጀመረ። በ1987፣ በ60 ዓመቱ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጨረሰ። በ2013 በ87 ዓመቱ ሲያርፍ ከኋላው የተዉት ሁለት ሺ ቀናትና ቁጥሩ የማይታወቅ ያለቀ የገለባ ጫማ ነው።